ሲዲ8 ከፍ ማለቱ ሁለተኛውን ኦፕራሲዮን አያስቀርም

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ለሐሞት ጠጠር አዲስ አበባ ውስጥ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ) ኦፕራሲዮን ተደረገላት። የወጣው የሐሞት ከረጢት ሲመረመር ካንሰር ተገኘበት፤ ደረጃው ቲ2 ይላል። ሲቲ ስካን ላይ ሌላ ቦታ ምንም አልታየም። ብሎኩን (በሰም የተደፈነውን የሥጋ ናሙና) ህንድ ልከን ተጨማሪ ምርመራ አሠራን። ውጤቱ ሲዲ8 ከፍተኛ፣ ፎክስፒ3 ዝቅተኛ፣ ሲዲ163 መካከለኛ፣ ፒዲ-ኤል1 5 በመቶ ይላል። ሰርጅኑ ከጉበቷ ተቆርጦ የሚወጣ ስላለ እንደገና ትከፈት አለን። አሜሪካ ያለው አጎቴ ደግሞ ‹ሲዲ8 ከፍ ካለ ሰውነቷ ራሱ ካንሰሩን እየተዋጋው ነው፤ ኢሚውኖቴራፒ (የመከላከያ ሥርዓትን የሚያነቃ መድኃኒት) ብቻ ይበቃታል፣ አታስከፍቷት› ይላል። ከኦፕራሲዮኑ 5 ሳምንት ሆኗታል። የማንን እንስማ?»

ምላሽ፦ የሰርጅኑን ስሙ። አጎትዎ ያሉት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በሐሞት ከረጢት ካንሰር ሲዲ8 የበዛላቸው ሕሙማን ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖሩ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ችግሩ ከዚያ ተነስቶ «እንግዲያው ኦፕራሲዮኑ ይቅር» ማለቱ ላይ ነው። እነዚያ ጥናቶች እንዲህ አይሉም። ሲዲ8 አይቶ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚያስቀር የሕክምና መመሪያም የለም። እኔን ያሳሰበኝ በዚህ ክርክር የሚያልፈው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ሪፖርቱ ላይ ያሉትን ስሞች እንለይ። ሲዲ8 የታመመ ሴል ሲያገኙ የሚገድሉ ቲ ሴሎች (አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሴሎች) መለያ ነው። ፎክስፒ3 የመከላከያ ሥርዓቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚያበርዱ ቲ ሴሎችን ያሳያል። ሲዲ163 ማክሮፋጅ የሚባሉትን ጀርምና ፍርስራሽ የሚውጡ ሴሎች፣ በተለይ ዕጢ ውስጥ ሲሆኑ ለዕጢው የሚያደሉትን፣ ያመለክታል። ፒዲ-ኤል1 ግን የሴል ዓይነት መለያ አይደለም። የካንሰር ሴሎችም ሆኑ አጠገባቸው ያሉ የመከላከያ ሴሎች የሚያወጡት ፕሮቲን ነው፤ ቲ ሴል ሲነካው መግደሉን ያቆማል። እንዲሁ ሲታይ የእናትዎ ውጤት ደህና ይመስላል። ገዳዮቹ በዝተዋል፣ አብራጆቹ አንሰዋል። ዘመድ ቢደሰት አይፈረድበትም።

ግን ይህ ውጤት እንዴት እንደሚወጣ ይመልከቱ። ከሰም ብሎኩ ላይ 4 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው ቁራጭ ይላጣል፤ ከፀጉር ዘለላ በብዙ እጥፍ የሳሳ ነው። መስታወት ላይ ተለጥፎ ሲዲ8ን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል። ሲዲ8 ያለው ሴል ቡናማ ይሆናል፣ የሌሎቹ ሴሎች ኒውክሊየስ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ፓቶሎጂስቱ (የሥጋ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም) ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ብሎ ቡናማዎቹን ይቆጥራል። የት ላይ ይቁጠር? ዕጢው ወደ ጤነኛው ሥጋ በሚገባበት ጠርዝ ላይ? በራሳቸው በካንሰር ሴሎቹ መካከል? ወይስ በዙሪያቸው ባለው ደጋፊ ሥጋ? አንዱ ቦታ ቡናማው ተጨናንቆ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ሲሉ ጭር ሊል ይችላል። ተስፋ የሚሰጠው ሲዲ8 ሴሎች በካንሰር ሴሎቹ መካከል ዘልቀው ገብተው ሲገኙ ነው። ዳር ላይ ተሰልፈው መግባት ያቃታቸው ያን ያህል ዋጋ የላቸውም። እርስዎ በጠቀሱት ውጤት ላይ የት እንደተቆጠረ አልተገለጸም። ይህ ካልተገለጸ «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ግማሽ መረጃ ነው።

የሐሞት ከረጢት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡኝ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ይህ ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው ለዓመታት ጠጠር በተሸከመ ከረጢት ውስጥ ነው። ጠጠሩ ግድግዳውን ሲፈትግ፣ ሐሞቱ መውጫ አጥቶ ሲቋጥር፣ ግድግዳው ካንሰር ከመምጣቱ በፊትም በመከላከያ ሴሎች ይሞላል። ሲዲ8ም፣ ማክሮፋጅም፣ ቢ ሴልም ይኖራል። እናትዎም ኦፕራሲዮን የገቡት በጠጠር ምክንያት ነው። ስለዚህ የተቆጠረው ሲዲ8 ካንሰሩን ሊዋጋ የመጣ ይሁን ለድሮው ቁስለት የመጣ፣ ቀለሙ አይለይም። ሲዲ163ም እንደዚያው ነው። ሐሞት ግድግዳው ውስጥ ሲሰርግ ቅባት የጠገቡ ማክሮፋጆች የሚከማቹበት ሥር የሰደደ ቁስለት አለ። በሲቲ ስካንም ሆነ በሰርጅኑ ዓይን ከካንሰር ጋር ይምታታል። እንዲህ ያለ ቁስለት ከካንሰሩ ጎን ካለ፣ የማክሮፋጅ ቆጠራው ስለ ካንሰሩ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ናሙናው እንዴት እንደተያዘም ልብ ይበሉ። እኛ አገር ብዙ ጊዜ የወጣውን አካል በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ላብራቶሪ የሚያደርሰው ቤተሰብ ነው። ፎርማሊኑ ካነሰ፣ ወይም ከረጢቱ ሳይከፈት ከነሐሞቱ ከተዘፈዘፈ፣ የውስጠኛው ሽፋን ቶሎ ይበላሻል። በተበላሸ ቁራጭ ላይ ቀለሙ ወይ አይዝም፣ ወይ ያለቦታው ይይዛል። የትኛውም አገር ያለ ጎበዝ ላብራቶሪ ይህንን ወደኋላ ተመልሶ አያስተካክለውም።

«ከፍተኛ» ሲባልስ ከምን በላይ ነው? በሐሞት ከረጢት ካንሰር ላይ የተሠሩት ጥናቶች በአብዛኛው አንድ ሆስፒታል የድሮ ብሎኮቹን ከመደርደሪያ አውጥቶ የቆጠረባቸው ናቸው። ሕሙማኑ በአሥሮች ወይም ቢበዛ በጥቂት መቶዎች ይቆጠራሉ። አጥኚዎቹ የራሳቸውን ሕሙማን ውጤት ይደረድሩና መሐሉ ላይ ይከፍሉታል፤ ከላይ ያለው «ከፍተኛ» ይባላል። አንዱ ሆስፒታል ከፍተኛ ያለውን ሌላው ዝቅተኛ ሊለው ይችላል። ሁሉም የሚስማማበት የመቁረጫ ቁጥር የለም።

የካንሰሩ ደረጃም ነገሩን ያወሳስበዋል። ገና ባልተስፋፋ ካንሰር ውስጥ ሲዲ8 በዛ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ያልተስፋፋ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ታዲያ ዕድሜ ያረዘመው ሲዲ8 ነው ወይስ በጊዜ መገኘቱ? በትንሽ ጥናት ሁለቱን መነጠል ከባድ ነው። በዚያ ላይ ዘበኛ በር ላይ አለ ማለት ነቅቷል ማለት አይደለም። ዕጢ ውስጥ ብዙ የቆዩ ሲዲ8 ሴሎች ይዝላሉ። ፒዲ-1፣ ቲም-3 እና ላግ-3 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ያወጡና መግደል ያቆማሉ። የሲዲ8 ቀለም ግን የነቃውንም የዛለውንም እኩል ቡናማ ያደርገዋል።

ሴል መቁጠር ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የአንጀት ካንሰር ላይ የተደረሰበትን ማየት ይቻላል (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። ፈረንሳይ ውስጥ ዠሮም ጋሎን እና ባልደረቦቹ 2006 ላይ ዕጢ ውስጥ ያሉ ቲ ሴሎች ዓይነት፣ ብዛትና ቦታ የሕመምተኛውን ዕጣ እንደሚጠቁም አሳዩ። 2018 ላይ ኢሚውኖስኮር የተባለው አቆጣጠር ከ13 አገሮች በመጡ ከ2,600 በላይ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ አለፈ። ሲዲ3 እና ሲዲ8 በዕጢው መሐልና በጠርዙ ላይ፣ በኮምፒውተር፣ በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የተቆጠሩት። ለሐሞት ከረጢት ካንሰር እንዲህ ያለ ነገር የለም። እዚያም ቢሆን ቆጠራው የሚረዳው ከኦፕራሲዮን በኋላ ስለ ኬሞ ለመወያየት ነው። አንጀቱን አንቁረጥ ለማለት ማንም አይጠቀምበትም።

የቀሩትን ቶሎ ልለፋቸው። ሲዲ163 መብዛቱ በአብዛኛው ከከፋ ውጤት ጋር ይያያዛል። ፎክስፒ3 ላይ ጥናቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ፒዲ-ኤል1ም እንደዚያው፤ አንዱ ጥሩ ሲለው ሌላው መጥፎ ይለዋል። በተራ የደም ምርመራ ሁለት ዓይነት ነጭ የደም ሴሎችን፣ ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት፣ አካፍሎ ትንበያ የሚሰጥም አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል መጥፎ ነው ይባላል፤ ግን የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ የኦፕራሲዮን ቁስል ወይም ስቴሮይድ መድኃኒት ብቻውን ከፍ ያደርገዋል። በ5 ሳምንት ውስጥ ለተሠራ የደም ምርመራ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ።

አሁን ወደ ኢሚውኖቴራፒው። «ብቻውን ይበቃታል» የሚለው አደገኛ ስህተት ነው። ፔምብሮሊዙማብ የሚባል የኢሚውኖቴራፒ መድኃኒት ለብቻው የተሞከረበት ኪኖት-158 የሚባል ጥናት አለ። የተስፋፋ የሐሞት መስመር (የከረጢቱና የቱቦዎቹ) ካንሰር ካላቸው 104 ሕሙማን ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰላቸው 6 ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ የተሻለ ቦታ ያገኘው ከኬሞ ጋር ሲደመር ነው። 2022 ላይ በወጣው ቶፓዝ-1 ጥናት ጄምሲታቢን እና ሲስፕላቲን የሚባሉትን ኬሞዎች ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ 11.5 ወር ሲደርሱ፣ ዱርቫሉማብ የሚባል ኢሚውኖቴራፒ ከተጨመረላቸው ግማሾቹ 12.8 ወር ደረሱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በ2 ዓመት ላይ ግን በሕይወት የነበሩት 10 በመቶ ገደማ እና 25 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፔምብሮሊዙማብን በተመሳሳይ መንገድ የሞከረው ኪኖት-966ም 2023 ላይ ተቀራራቢ ውጤት አመጣ።

ከእነዚህ ጥናቶች ለእናንተ ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ የተሠሩት ካንሰሩ በኦፕራሲዮን ሊወጣ በማይችልባቸው ወይም ተመልሶ በመጣባቸው ሰዎች ላይ ነው። እናትዎ እስካሁን እዚያ ውስጥ አይደሉም፤ እንዳይገቡ ነው የምንለፋው። ሁለተኛ፣ ቶፓዝ-1 ላይ ጥቅሙ ፒዲ-ኤል1 ባላቸውም በሌላቸውም ታይቷል። ስለዚህ ያ 5 በመቶ በርም አይከፍትም፣ በርም አይዘጋም።

ሰርጅኑ ለምን ጉበትን እንደሚነካ ላስረዳ። ቲ2 ማለት ካንሰሩ የከረጢቱን የጡንቻ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ያለውን ስስ ህብረ ሕዋስ ይዟል ማለት ነው። ከረጢቱ ጉበት ላይ በተለጠፈበት በኩል የውጭ ሸማ የለውም። ለጠጠር ኦፕራሲዮን ሲደረግ ሰርጅኑ ከረጢቱን ከጉበቱ የሚልጠው ልክ በዚያው ስስ ህብረ ሕዋስ መካከል ነው። ለጠጠር ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ማንም አላጠፋም። ለካንሰር ግን ቢላው ካንሰሩ ባለበት ንጣፍ ውስጥ አልፏል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ጉበቱ ላይ ነው። ከቲ2 ሕሙማን ውስጥ እንደገና ሲከፈቱ የተረፈ ካንሰር የተገኘባቸው በአንድ ከብዙ ሆስፒታሎች በተሰበሰበ ጥናት ከግማሽ በላይ ነበሩ። ከ3 አንዱ ገደማ ደግሞ ንፍፊቱ (ሊምፍ ኖዱ) ውስጥ ነበረው። ሲቲ ስካን ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር አያይም። «ሲቲው ንጹሕ ነው» የሚለው ዜና ኦፕራሲዮኑ ይቻላል ማለት ነው፤ አያስፈልግም ማለት አይደለም።

በሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከረጢቱ ተኝቶበት የነበረው የጉበት ክፍል፣ 4ቢ እና 5 የሚባሉት፣ በከፊል ይወጣል። በሐሞት ቱቦው ዙሪያ ያሉ ንፍፊቶችም ይለቀማሉ፤ ደረጃውን በትክክል ለመናገር ቢያንስ 6 ንፍፊት መመርመር አለበት። ጉበት ራሱን የሚተካ አካል ነው፤ የሚወጣው መጠን ጤነኛ ጉበት ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ቢሆንም ቀላል ኦፕራሲዮን አይደለም። የደም መፍሰስና የሐሞት መፍሰስ ሊያጋጥም ይችላል። ይህን አዘውትሮ የሚሠራ የጉበትና የሐሞት ሰርጅን ይፈልጉ። ስንት እንደሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ 2017 ላይ አሜሪካ ውስጥ በ10 ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት የተሻለ ውጤት ያየው ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ በተከፈቱት ላይ ነው። ከዚያ በፊት እብጠቱና ጠባሳው ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ካንሰሩ ጊዜ ያገኛል። እናንተ 5ኛው ላይ ናችሁ። 8 ሳምንት ካለፈ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ግን ለክርክር የሚተርፍ ጊዜ የለም። ወደ ውጭ መውጣት ካሰባችሁ ህንድ መጥፎ ምርጫ አይደለም። በሰሜን ህንድ፣ በጋንጅስ ወንዝ ዙሪያ፣ ይህ ካንሰር ከዓለም በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ እዚያ ያሉ ሰርጅኖች በደንብ ያውቁታል። ቪዛና ገንዘብ ፍለጋ 2 ወር የሚፈጅ ከሆነ ግን እዚሁ ያለ ልምድ ያለው ሰርጅን ይሻላል።

ኦፕራሲዮኑን እኔም የማልመክርባቸው ሁኔታዎች አሉ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሆዳቸው ውስጥ ፈሳሽ ከተጠራቀመ፣ ወይም ልባቸውና ሳንባቸው ማደንዘዣ የማይችል ከሆነ ነገሩ እንደገና ይታያል። ብዙ ሰርጅኖች ሆዱን ከመክፈታቸው በፊት በላፓራስኮፒ ያያሉ። የሆድ ሽፋን ላይ ተበትኖ ከተገኘ ጉበት መቁረጡ አይጠቅምም፤ ያኔ ኬሞ ከኢሚውኖቴራፒ ጋር ተራው ይደርሳል።

ለተጨማሪ ምርመራ የምታወጡት ብር ካለ ሌላ የመከላከያ ሴል ቆጠራ ላይ አታውሉት። ከዚያው ብሎክ ሁለት ነገር ይሠራ። አንዱ ኸር2 ነው፣ ካንሰሩ እንዲያድግ የሚገፋ ፕሮቲን፤ ለጡት ካንሰር የሚሠራው ያው ቀለም ነው። ከሐሞት ከረጢት ካንሰሮች ከ10 አንዱ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይኖረዋል። ካንሰሩ ተመልሶ ቢመጣ ኸር2ን የሚያጠቁ መድኃኒቶች አሉ፤ ለዚሁ ለሐሞት መስመር ካንሰር ዛኒዳታማብ 2024 መጨረሻ ላይ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። ሁለተኛው ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 የሚባሉት አራቱ የዲኤንኤ ጥገና ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የጠፋበት ካንሰር በሐሞት ከረጢት ላይ ብርቅ ነው፤ ከተገኘ ግን ኢሚውኖቴራፒ በእርግጥም ትልቅ ተስፋ ይሆናል። አጎትዎ ያሉትን ነገር ለማጣራት መታየት የነበረበት ይህ ነበር። ሁለቱም ቢሆኑ ኦፕራሲዮኑን አያስጠብቁም፤ ውጤታቸው በኋላ ይምጣ።

ኦፕራሲዮኑ በደህና ካለቀና ቁስሉ ከዳነ፣ ካፔሲታቢን የሚባል የሚዋጥ ኬሞ ለ6 ወር መውሰድ የተለመደ ነው። ቢልካፕ የሚባለው የእንግሊዝ ጥናት 2019 ላይ ያሳየው ጥቅም ጥያቄ የማይነሳበት አይደለም፤ ቢሆንም እኔ እመክረዋለሁ። ተቅማጥ ከበረታ ወይም መዳፍና እግር ከቆሰለ «ይለፍልኛል» ብለው ዝም እንዳይሉ፤ መጠኑ ይቀነሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲዲ8 ከፍ ብሏል ሲባል ቤተሰብ «እንግዲያው እናጠንክረው» ብሎ ከገበያና ከኢንተርኔት «ኢሚዩኒቲ ቡስተር» መሰብሰብ ይጀምራል። ዕጢ ውስጥ ያለውን የሲዲ8 ቁጥር በእንክብልና በዱቄት ከፍ ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው ደም የሚያቀጥን ወይም ጉበት የሚያስቆጣ ነገር ይዞ ጉበት ሊቆረጥ መግባት ነው። ጥቁር አዝሙድም ይሁን ነጭ ሽንኩርት በብዛት፣ የሚወስዱትን በሙሉ ለሰርጅኑና ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገሩ።

በዚህ ሳምንት የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን የጽሑፍ ዘገባ ከሆስፒታሉ ያውጡ። ከረጢቱ ሲወጣ ተቀድዶ ሐሞት ፈስሶ እንደሆነና በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ወጥቶ እንደሆነ እዚያ ላይ ይገኛል። ብሎኩንና ስላይዶቹን (ቁራጮቹ የተለጠፉባቸውን መስታወቶች) ከህንድ አስመልሱ። ከዚያ ፓቶሎጂስቱን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ካንሰሩ በጉበት በኩል ነው ወይስ በሌላው በኩል? በጉበት በኩል ያለው፣ ቲ2ቢ የሚባለው፣ የባሰ ነው። ወደ ደም ሥር፣ ወደ ሊምፍ ሥር ወይም ወደ ነርቭ ገብቷል? ከረጢቱ ከቱቦው ጋር የተቆረጠበት ጫፍስ ንጹሕ ነው? ይህ ጫፍ ካንሰር ካለበት የሐሞት ቱቦውም መነካት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሰርጅኑ ቀኑን ከመቁረጡ በፊት መልሱን እጁ ላይ ያድርሱለት።